መጀመሪያ መሳቢያውን አውጡት

ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ አንድን የማሆጋኒ እንጨት ኮሞዲኖ ንድፉ ስለተመሳሰለ ብቻ «የቶማስ ቺፕንዴል ሥራ ነው» ማለቱ አላሳመነኝም። ታዋቂው እንግሊዛዊ የቤት ዕቃ አናጺ ቺፕንዴል ንድፎቹን በ1754 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ በኋላ ማንም ጎበዝ አናጺ አይቶ ሊሠራው ይችል ነበር። ቺፕንዴል ደግሞ ሥራው ላይ ስሙን በማኅተም አይመታም ነበር። በእርግጠኝነት የእሱ የሚባሉት በአብዛኛው የሚታወቁት ደንበኞቹ ባስቀመጡት የሂሳብ ወረቀት ነው። በእንግሊዝ የላንካስተር ከተማ የቤት ዕቃ ሠሪዎቹ ጊሎውስ ግን ይለያሉ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ስማቸውን የመሳቢያው የላይኛው ጠርዝ ላይ ይመቱ ነበር።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ማዕዘኑ ላይ እንደ ጣት የተጠላለፉትን ጥርሶች እዩ። በእጅ የተቆረጡ ከሆነ መጠናቸው ትንሽ ይለያያል። የኔ ልብ ሁልጊዜ የሚቀረው እዚያ ጋ ነው፤ የአናጺው መጋዝ ያለፈበትን መስመር በጣቴ ስዳስስ።