እርማት፦ በሞኖፖሊ ያልተገዛ ቦታ እንዲሁ አይታለፍም

የራሱን የሰሌዳ ጨዋታ ለመንደፍ በሱቅ የሚሸጡትን ጨዋታዎች ሕግ እያጠና ላለው የጅማ ወንድማችን ከተሰጡት ምላሾች መካከል፣ «በሞኖፖሊ (በጨዋታ ገንዘብ ቦታ እየተገዛ ኪራይ በሚሰበሰብበት የሰሌዳ ጨዋታ) ተጫዋቹ ያረፈበትን ባለቤት የሌለው ቦታ ካልገዛ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል» የሚለው በብዙዎች ሲደገፍ ስላየሁ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ።

በመደበኛው ሕግ መሠረት ተጫዋቹ በተጻፈው ዋጋ አልገዛም ሲል ባንኩ (የጨዋታውን ገንዘብና ያልተሸጡ ቦታዎች የሚይዘው) ቦታውን ወዲያውኑ ለጨረታ ያቀርባል፤ በጨረታውም አልገዛም ያለው ራሱ ሳይቀር ሁሉም መወዳደር ይችላል። ስለዚህ በጨዋታው ገንዘብ ዋጋው 400 የሆነው ቦርድዎክ የተባለው ውድ ቦታ፣ ተጫዋቾቹ ጥሬ ገንዘብ ባጠራቸው ሰዓት፣ በ150 ሊሸጥ ይችላል፤ በእኔ እምነት የጨዋታው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጨረታው ሲቀር 28ቱ የሚሸጡ ቦታዎች ባለቤት የሚያገኙት ዳይሱ እንደወደቀ ብቻ ስለሚሆን ጨዋታው ይንዛዛል፤ ሕጉን የሚያጠና ነዳፊም ተጫዋቾች ያመጡትን ጉድለት የጨዋታው አድርጎ ይወስደዋል።

ለማረጋገጥ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሕግ ወረቀት፣ ስለ ቦታ ግዢና ስለ ጨረታ የሚናገረውን ክፍል ማንበብ ይበቃል። ወረቀቱ ከጠፋ (ያገለገለ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ይጠፋል) አምራቹ ሃስብሮ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ለሕፃናት የተዘጋጀው ሞኖፖሊ ጁኒየር ግን የራሱ ሕግ ስላለው ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።