ፉርጎው ተቀመጠ፣ ጆሮውስ?

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚያልፍ ሁሉ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ያውቀዋል። የጥገና ግቢውን ግን ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ ሊቶሪናዎች (በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ የመንገደኛ ፉርጎዎች)፣ ዛሬም የዘይት ሽታ ያልለቀቃቸው ማሽኖች አሉ። ሙዚየም ነው ብንል አላጋነንም።

ባለፈው ስገባ ልቤን የነካው ግን ብረቱ አልነበረም። አብረውን የነበሩ አንድ ጡረተኛ አባት ከአንድ የቆመ ፉርጎ ሥር ጎንበስ አሉ። መንኮራኩሩን በቁራጭ ብረት መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ደህናው እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ይህን ድምፅ ማዳመጥ ሥራቸው ነበር። ይመቱበት የነበረው መዶሻ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ይቀመጥ ይሆናል። ያ ጆሮስ?

ስለ ኢትዮ-ጅቡቲው ባቡር ሲወራ ሁሌም ከላይ እንጀምራለን። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሀዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ሲያንረው በግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ በቀለች። ከተማ የወለደ ባቡር ነው! አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ።

ይህ መነገር አለበት። ግን የባቡር ሠራተኛው ሕይወት የታለ? ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር እየደባለቁ የሚግባቡበት ቋንቋስ? አዲስ አበባ ላይ እንኳ «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ ለገሃር ሆኖ ቀርቶልናል። ድሬ ግቢ ውስጥ ግን የመፍቻው፣ የቦልቱ፣ የፍሬኑ ስም ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሄደ ነው።

አሁን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ አዲስ ሀዲድ ይመላለሳል። እሰየው ነው። የድሮውን ሥራ የሚማር ወጣት ግን የለም። ለግቢው ጣሪያና ቀለም ገንዘብ ሲፈለግ ዓመት ቢያልፍ ቤቱ ይጠብቃል፤ የ80 ዓመት አባት ግን አይጠብቁም። እና የሽማግሌዎቹን ድምፅ መቅረጹ ይቅደም። ከየማሽኑ ጎን ሠርቶበት ያለፈው ሰው ድምፅ ይሰማ፣ በራሱ አነጋገር፣ ሳይታረም።

በሩ ላይ ደግሞ ሁለት መንኮራኩሮች ይቁሙ፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ የተሰነጠቀ። መዶሻም ይኑር። ልጆች እየመቱ ይለዩ።