ላም አለኝ በሰማይ፣ በቅርብ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ «ጋሼ፣ ድምፅ ይቀንሱልን» ተባልኩ። ለቅሶ ቤት አልነበርኩም። ቅዳሴ ላይም አልነበርኩም። አጠገቤ ያሉ ጎረምሶች አንድ ስልክ ከበው የአውሮፕላን ዝናብ መጥረጊያ እያዳመጡ ነው። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። መጥረጊያው ሲሄድ አንድ ድምፅ አለው፣ ሲመለስ ሌላ። «ሰማህ? ሲመለስ ሲጢጥ ይላል!» አለ አንዱ። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ከመጀመሪያው መለሱት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ አስተናጋጇ ሒሳብ ለመጠየቅ ፈርታ ቆመች፣ እኔም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

እነዚህን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። እያንዳንዱ ሰፈር ቢያንስ አንድ አለው፤ ማራኪ ሰፈርማ ሁለት ሦስት ሳይኖሩት አይቀሩም። ቤታቸው ቁጭ ብለው ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን የሚያበሩት ናቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከጨዋታው ጋር አብረው የሚመጡ አውሮፕላኖች አሉ፤ «እነሱ ለሕፃናት ናቸው» ይሏችኋል። ቁም ነገረኛ ሰው የሚፈልገው ለብቻው የሚሸጠውን ተጨማሪ አውሮፕላን፣ «አድኦን» የሚሉትን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚሠራበትን፣ ሞተሩ እንደ እውነተኛው የሚታመምበትን። እና አሁን አንድ የቦይንግ 787 አድኦን ሊመጣ ነው። በቅርብ ቀን። እስከዚያው የአድኦኑ ሰሪዎች የአካሏን ቁራጭ ቁራጭ ምስልና ድምፅ ይለቃሉ፤ የካፌው መጥረጊያም የእሷ ነው። እውነተኛውን 787 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ስለዚህ ልጆቹ አውሮፕላኗን እንደ ዘመድ ነው የሚያዩዋት። ዘመድ ደግሞ ይጠበቃል።

እኔም ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ላመሰግናቸው ነው።

እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ጎንደር አይታ አታውቅም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን ቆርቁረው ዝም ብለው ግንብ አሠሩ። ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው? መጀመሪያ የበሩን ማጠፊያ ምስል መልቀቅ ነበረባቸው። ከስድስት ወር በኋላ የደረጃውን። ከዚያ «ስለ ጣሪያው ገና ብዙ የምንነግራችሁ አለ» ብለው መጥፋት። ሕዝቡም ግንቡ ሳይኖር የግንቡ ሊቅ ይሆን ነበር። አሁን እኮ ግንቡ ቆሞ እያየነው ማንም ስለ ማጠፊያው አይከራከርም።

የልጆቹን ሊቅነት ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አንዱን አስቁማችሁ ጠይቁት። የ787 ሃይድሮሊክ ግፊት 5000 ፒኤስአይ ነው፣ የቀደሙት 3000 ነበሩ ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። የካቢኑ አየር እንደ ሌሎቹ ከሞተር ተጠልፎ ሳይሆን በኤሌክትሪክ መጭመቂያ እንደሚገባ ያስረዳችኋል፤ ይኼም እውነት ነው። መስኮቶቹ የሚወርድ መከለያ የላቸውም፣ ቁልፍ ሲጫን ቀስ እያሉ ይጠቁራሉ። ቀስ የሚለው ላይ ጠብ አለ። ሰሪዎቹ በለቀቁት ቪዲዮ መስኮቱ ፈጥኖ ጠቆረ፣ አልፈጠነም ተባብለው ሁለት አብሮ አደጎች ከፋሲካ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። የቤታቸው ቧንቧ ግፊት ስንት እንደሆነ ግን አትጠይቋቸው። እሱ ገና አልተለቀቀም።

በነገራችን ላይ አንዱ ክርክራቸው ቁም ነገር አለው። 787 አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሙሉ ጭኖ መነሣት ይችላል ወይ? ማረፊያው ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያጣል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ፀሐይ ሲከር ይብሳል። ይኼን ከመጽሐፍ ይልቅ ሲሙሌተር ላይ ቶሎ ይገባል፣ እመሰክራለሁ። ችግሩ ልጆቹ ይኼን ለመማር አሁን ባላቸው አውሮፕላን አይሞክሩትም። ያቺን ይጠብቃሉ።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ የማራኪው ካፒቴን ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ እሱም በስሙ ቢጠሩት አይሰማም። 787ቷ እስክትመጣ እጁ እንዳይፈታ በ737 ይለማመዳል። ልምምዱ የሚጀምረው ሁሉ ነገር ከጠፋበት፣ ከጨለማ ኮክፒት ነው። ባትሪውን ያበራል። ቼክሊስቱን ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ሲመልስ ድምፁን ቀጠን ያደርገዋል፤ ረዳት አብራሪው ወጣት ነው መሰለኝ።

ከዚያ አይአርኤስ የሚሉት ይመጣል። አውሮፕላኑ የት እንዳለ እንዲያውቅ መሣሪያው መሬት ላይ ጸጥ ብሎ ራሱን ማስተካከል አለበት፤ «አላይን ማድረግ» ይሉታል። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በመሐል አውሮፕላኑ ከተነቃነቀ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሰሪዎቹ ለሰው ልጅ አዝነው በሰከንድ የሚያልቅበት አማራጭ አስቀምጠዋል። ካፒቴናችን አይነካውም። «ያ ለተጫዋቾች ነው» ይላል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። አውሮፕላኑ መነቃነቅ የለበትማ፤ እሱም አይነቃነቅም።

በዚህ መሐል ውኃ መጣ። ውኃ መጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደሬ አላስረዳም። ጄሪካን ይንጋጋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣራል፣ የተኛ ይነሣል። እናቱ ከግቢ ጮኹ።

«አንተ ልጅ! ውኃዋ ሳትሄድብን ቶሎ ናና ጄሪካኑን አንሣልኝ!»

«እማየ፣ አላይን እያደረግኩ ነው!»

«ምን?»

«አላይን!»

እናቱ ሕመም መሰላቸው። «ማርያም ትማርህ» ብለው ጄሪካኑን ለብቻቸው ይጎትቱ ጀመር። ጎትተው ጎትተው የመጨረሻውን ይዘው በበሩ ሲያልፉ ከውስጥ ድምፅ ሰሙ። «ክቡራትና ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ለተፈጠረው መዘግየት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» እናቱ ጄሪካኑን መሬት አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። «እሰይ» አሉ፣ «ይቅርታ መጠየቅስ ያውቅበታል።»

ሞተሮቹ ተነሡ። ከቦሌ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜውን ማፍጠን ይቻላል፤ አያፈጥንም። አውቶፓይለቱ ይነዳል፣ ካፒቴኑ ደመና ያያል። እራቱ ወንበሩ ድረስ ይመጣለታል። ደግሞ የአብራሪዎች ልማድ አለ፤ ካፒቴንና ረዳቱ አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም፣ ምግቡ የተበከለ ቢሆን አብረው እንዳይታመሙ። ስለዚህ ለካፒቴኑ ሽሮ፣ ለረዳቱ ድንች ወጥ ይቀርባል። ሁለቱም ሳህን ተጠርጎ ይመለሳል።

ዱባይ ሊወርድ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ልብ በሉ። 737 ሁለት የሞተር ጄኔሬተር አለው። ጭራው ላይ ኤፒዩ የሚሉት መብራት የሚሰጥ ትንሽ ሞተር አለው። ባትሪ አለው። መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ ከውጭ የሚሰካ ገመድ አለው። አምስት። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን እንዴት እንደሚያስነሣ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ያውቀዋል። ቤቱ ያለው ግን አንድ ነው፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው። እናቱ ሻማ ይዘው ገቡ።

«ደረሳችሁ?» አሉት።

የትም አልደረሱም። ነገ እንደገና ከባትሪው ይጀመራል።

ሰሪዎቹም ሳይመሰገኑ አይቅሩ። መቼ ነው የምትወጣው ሲባሉ «ስታልቅ» ይላሉ። መቼ ነው የምታልቀው ሲባሉ የመጸዳጃ ቤቱን በር ምስል ይለቃሉ። አብራሪ ኮክፒቱን ጥሎ መጸዳጃ ቤት ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ ይነበባል ወይ ነው ጥያቄው። ይነበባል። ሠፈሩ በደስታ አደረ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ቢፈቱ ብዬ አልሰጋም፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጀርባ «ነገ ተመለስ» እያሉ የሚኖሩ ወገኖች አሉን፣ አይተው ይቀኑባቸዋል እንጂ አያስርቧቸውም።

አሁን ግን ሽሙጡን ላፍታ ላስቀምጠው።

እንዲህ ዓይነት አድኦን ከ50 እስከ 80 ዶላር ይሸጣል። ልጆቹ ዶላር የላቸውም፣ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድም የላቸውም። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ «ውጭ ዘመድ አለኝ» ባይ ተነሥቷል። ብሩን አስቀድሞ ይሰበስባል፣ ምንዛሪውን ራሱ ይቆርጣል፣ ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ። አንድ የማውቀው ተማሪ ክረምቱን በሙሉ የጎረቤት ልጆች እያስጠና ያጠራቀማትን ቆጥሮ አስረክቦታል። ገንዘቤስ ሲለው «አልወጣማ፣ ምን ላድርግ?» ይለዋል። ይኼ ብልጠት አይደለም። ሥራ ፈጠራም አይደለም። ሌብነት ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጉጉት ላይ ተቀምጦ መብላት ከሌብነትም የወረደ ነው። ያቺ አውሮፕላን በዘገየች ቁጥር እሱ ይወፍራል። ልጁ መጠበቁን ማንም ሊስቅበት ይችላል፣ እኔም ስስቅበት ቆየሁ። ላቡ ላይ ግን የሚሳቅ ነገር የለም። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይኼን እያወቀ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፉ ደግሞ ያንገበግበኛል።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ።

የመጨረሻው ተመስጋኝ አዘዞ ነው ያለው። ከሁሉም አብዝቶ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ከሁሉም አብዝቶ የሚያውቀውም እሱ ነው፣ ኮምፒውተር ግን የለውም። ኖሮትም አያውቅም። የጨዋታው የ2020 እትም 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ እሱ የሚኖረው በቀን ፓኬጅ ነው። ይኼ ሊቅነቱን አልቀነሰበትም። እንዲያውም ኮምፒውተር ያላቸው እየመጡ ይጠይቁታል። የትኛው ግራፊክስ ካርድ እንደሚሻል፣ ስንት ራም እንደሚበቃ ያዛል፤ እነሱ ይገዛሉ።

ቤታቸው ከዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ አይርቅም። አንድ ቀን አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የማረፊያ ጎማ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ እየመረመረ ነው። በዚያው ቅጽበት እውነተኛ አውሮፕላን ጎማውን አውርዶ በላያችን አለፈ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ልጁ ቀና አላለም። ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነና ፊቱን አኮሳተረ።

«ኤጭ! ሁሌ እንዲህ ነው የሚረብሹኝ» አለ።

አውሮፕላኗ ራቅ እስክትል ጠብቄ ስለ 787ቷ ጠየቅሁት። መቼ ትመጣለች ይባላል?

«እሷን ተዋት ጋሼ» አለኝ። «እሷማ አርጅታለች።»

«ሳትወጣ?»

«እኔ አሁን የምጠብቀው 777ኤክስን ነው።»

777ኤክስ ማለት ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ አድርጎ፣ በ2020 አስረክባለሁ ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮውን በየጊዜው ሲገፋው የከረመ አውሮፕላን ነው። የእኛም አየር መንገድ በ2024 ስምንት አዝዟል፤ ይጠብቃል። ለዚህ ልጅ ግን የእውነተኛው መዘግየት አልበቃውም። የእሱን ኮፒ፣ ያውም በሌለው ኮምፒውተር ላይ።

«ሰሪዎቹ ጀመሩት እንዴ?» አልኩት።

«አልጀመሩም» አለኝ፣ ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ እየለጠፈ። «ባይቸኩሉም ይሻላል። ሲቸኩሉ ያበላሹታል።»