የፈረማችሁትን አንብባችሁታል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ላሞካሻችሁ አልመጣሁም። ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ራሴንም ጨምሬ።

በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ቲሸርት እንለብሳለን። «የሠራተኛው መብት ይከበር!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ቲሸርቱን ያሠራልን አንዳንዴ ራሱ ድርጅቱ ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። በማግስቱ የሰው ኃይል ክፍሉ፣ ኤችአር፣ ይጠራናል። ወረቀት ይዘረጋልናል። ሳናነብ እንፈርማለን።

ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ሠርቻለሁ። የደሞዝ ቀን መስኮቱ ላይ እንሰለፋለን። እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ታስሯል። ገንዘብ ያዡ ሦስት ወረቀት ደራርቦ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይገልጥልናል። «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» ይላል በጣቱ። አንደኛው የደሞዝ መክፈያ ነው። ሁለተኛው አዲስ የ3 ወር ኮንትራት። ሦስተኛው «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያ የለኝም» ይላል። አንድ ቀን ከፊቴ የነበረች ልጅ «ይሄ ደግሞ ምንድነው የሚለው?» ብላ ወረቀቱን ሳብ አደረገችው። ማን ተቆጣት መሰላችሁ? ገንዘብ ያዡ አይደለም። እኛ ነን። «ኧረ ቶሎ በይ፣ ሰርቪስ ሊያመልጠን ነው!» አልናት። አፍራ ፈረመች። እኔም ተከትዬ ሦስቴ ፈረምኩ።

ያ የ3 ወር ኮንትራት ምን እንደነበር የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሕጉ የሥራ ውል ሲኖር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። የታመመ ሰው ለመተካት፣ ወቅት ጠብቆ ለሚመጣ ሥራ፣ ድንገት ለበዛ ሥራ፣ እንዲህ ላለው። ዓመት ከዓመት የማይቋረጥ ማሽን ላይ የቆመች ሴት ውሏ በየ3 ወሩ ስለታደሰ ብቻ ጊዜያዊ አትሆንም። ይህን ከእኛ መሃል የሚያውቅ አልነበረም። ኤችአሩ ግን በደንብ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ አዋጁ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጥቶ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 377 ተካ። ሁሉም ነገሩ ክፉ አይደለም፣ አልዋሽም። የወሊድ ፈቃድ ከ90 ቀን ወደ 120 ከፍ ብሏል። አባትም 3 ቀን አግኝቷል። ግን የዓመት ፈቃዱን ተመልከቱልኝ። «ከ14 ወደ 16 አደገ!» ብለን አልነበር የተደሰትነው? በድሮው የመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በአዲሱ መነሻው 16 ሆነ፤ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን። እስቲ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። 5ኛው ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ናቸው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። 21 ዓመት ያገለገለ ሰው በድሮው ስሌት 34 ቀን ያርፋል። በአዲሱ 26። ስምንት ቀን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ለመቁጠር ደግሞ ጠበቃ አያስፈልግም። ጣት ይበቃል።

የሙከራ ጊዜውም እንዲሁ። 45 ተከታታይ ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆነ። የሥራ ቀን ነው ያልኩት፣ እሑድን እየዘለላችሁ ቁጠሩ። ከሥራ መቅረትም አለ። በድሮው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው 5 ቀን በተከታታይ፣ ወይም በወር 10፣ ወይም በዓመት 30 ቀን መቅረት ነበር። አሁን በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን የቀረ ይሰናበታል። ልጅ የሚታመምባት እናት 5 ቀን ምን ያህል እንደሆነች ታውቃለች።

ይሄ ሁሉ በሌሊት ተሰርቆ የገባ አይደለም። ረቂቁ ለዓመታት ሲንከባለል ነው የቆየው። በ2010 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ፣ ኢሠማኮ፣ ሥራ ማቆም አድማ እንጠራለን እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ያኔ እኛ የት ነበርን? እኔ የነበርኩበትን ልንገራችሁ። ሻይ ቤት ሆኜ ስለ ማንቸስተር እከራከር ነበር። አዋጁ ጸድቆ፣ ታትሞ፣ የመጀመሪያው የስንብት ደብዳቤ እጃችን ሲገባ ነው «እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ያልነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ዝም አይነቅዝም» እያላችሁ የምትኖሩም አላችሁ። ይነቅዛል! ወር ተቆጥሮለት ነው የሚነቅዘው። አብሮኝ የሠራ አንድ ሰው ነበር፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለ። ያለ በቂ ምክንያት አባረሩት። ክሰስ ሲባል «ከጌታ ጋር ሙግት አይሆንም» ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ በክብር ተቀበላቸው፤ ቡና አስፈላላቸው። «እናየዋለን» አላቸው። ከወር በኋላ እንደገና ሄዱ። «ቦርዱ ይወስናል» ተባሉ። ከዚያ በዓል መጣ። በ5ኛው ወር ተስፋ ቆርጦ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል፣ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል፣ ተባለ። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። የደሞዝና የኦቨርታይም ጥያቄም በ6 ወር ይታገዳል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር እኮ የዳኝነት እንኳን አይከፈልም። ሽማግሌ መላክ ባህላችን ነው፣ አልነቅፍም። ግን ክሱን አስገብታችሁ ላኩ። ያ ሥራ አስኪያጅ ሽምግልናውን አላከበረም። ቀን ነበር የሚቆጥረው።

«እንጀራዬን ባጣስ?» ትሉኛላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ እኔም ፈርቼ ነው ስፈርም የኖርኩት። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ወኔ አይጠይቁም፣ ብር ነው የሚጠይቁት። ግን ይህን እወቁ። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሰው ይበቃል። የማኅበር አባል መሆን ወይም አሠሪ ላይ አቤት ማለት የስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ ራሱ ጽፏል። ሌላ ሰበብ ይፈልጉባችሁ ይሆናል፣ አልክድም። ለብቻው የቆመ ሰው ላይ ሰበብ መፈለግ ይቀላል። 10 ሰው ላይ ይከብዳል። ማኅበር ካለ ደግሞ የኅብረት ስምምነት አለ፤ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው የሚፈርሙት ውል። የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ መስጠት ይችላል። እነዚያ ስምንት ቀኖች ድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊመለሱ ይችላሉ ማለት ነው። እኛ ግን ማኅበሩን የምናስታውሰው ለበዓል ዘይት ያመጣ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ስብሰባ ሲጠራ «ሽፍት አለብኝ»። ተመራጩ ሲሸጠን ደግሞ «ድሮም ሌባ ነው»። ማን መረጠው? ያልተሰበሰብነው እኛ።

የደሞዝ ወለሉንም ነገር እንዲሁ ነው የተውነው። የ2011ዱ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል። ቦርዱ አጥንቶ ዝቅተኛውን ደሞዝ እንዲያወጣ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተ ሰሞን መነሻ ደሞዝ ወደ 750 ብር እንደነበር የሚረሳ አለ? ልጆቹ ሙሉ ቀን ሰፍተው ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ይተኛሉ። ቦርዱ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚገኘው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ሚያዝያ 23፣ ቲሸርቱን ለብሶ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የማልወደው ግን የማልተወው። ይሄ ሁሉ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። ለብቻቸው ደንብ ይወጣላቸዋል ተብሎ ነው የተተዉት። በ1996ቱም እንደዚሁ ተጽፎ ነበር። እኛ ስለ 8 ሰዓት ሥራ የምንከራከር ሰዎች ቤታችን ውስጥ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆም ልጅ አለች። የዓመት ፈቃዷ ስንት ነው? ቆጥረነው እናውቃለን?

እኛ ቤት ያለችው ልጅ ባለፈው ወር «እሑድ ልውጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቡናውን ማን ያፈላዋል?» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አሁን እሑድ እሑድ ትወጣለች። ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው። ቀጥኗል ይላሉ።