ዝም ባለ ወረዳ ትንኝ አይገባም

እጃቸው ይባረክ! ወባን እንደነሱ ያሸነፈ የለም። ስለ እነማን እንደማወራ ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ በየወረዳው ምን ያህል ወባ እንዳለ በቀለም የሚያሳዩ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን ደቅነው «ይኸው እንደምታዩት» የሚሉትን ነው። በግራ ያለው የድሮው ነው፣ ደም የመሰለ ቀይ። በቀኝ ያለው የአሁኑ ነው፣ ለምለም አረንጓዴ። መሃል ላይ ወፍራም ቀስት። ከዚያ ጭብጨባ።

ባለፈው ሳምንት ከነዚህ አንዱን በኢንተርኔት ሳዳምጥ ነበር። የኢንተርኔት ስብሰባ ጥሩነቱ ካርታውን እንደልብ አጉልቶ ማየት ይቻላል። ጥግ ላይ ያለችውን፣ ማንም የማያነባትን የቀለም መፍቻ አጎላሁ። በድሮው ካርታ ቀይ የሚጀምረው በዓመት ከ1000 ሰው 10 ሲታመም ነው። በአዲሱስ? ከ1000 ሰው 50። በቃ። ትንኝ አልሞተም፣ አጎበር አልተሰቀለም፣ ግን ከ1000 ሰው 30 የሚታመምበት ቀይ ቦታ ቢጫ ሆኖ አደረ። በዚህ ዓይነት ቴርሞሜትር ላይ 39ኝን ፍቆ «ደህና ነው» ብሎ መጻፍም ሕክምና ነው።

ይኼ ግን የጀማሪ ሥራ ነው። የጥበቡ ቁንጮ ሪፖርት ያልመጣበት ቦታ ላይ ነው። መቼም አንድ ሰው ካርታ ላይ ለመውጣት ስንት ደጅ እንደሚጠና ታውቃላችሁ፦ ይታመማል፣ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ደሙ ይመረመራል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ይደመራል፣ ይላካል፣ ለሕዝቡ ብዛት ይካፈላል፣ ከዚያ ቀለም ይሆናል። አንዷ ከተበጠሰች ሰንጠረዡ ላይ የምትቀረው ባዶ ቦታ ናት። ባዶዋን ግራጫ ቀብቶ «እዚህ ጋ አናውቅም» ማለት ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ ዜሮ ትባላለች፤ ዜሮ አረንጓዴ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አይደል የሚባለው? ዝም ባለ ወረዳም ትንኝ አይገባም።

እስቲ አንድ ጤና ጣቢያ አስቡልኝ። ዝናቡ አባርቷል፣ ውሃ አቁሯል። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ሰው ተመርምሮ ወባ ተገኘበት። መዝጋቢው የዋህ ነው፣ 40ውንም ላከ። ወረዳው ብርቱካናማ ሆነ። ተቆጡት። በሁለተኛው ሳምንት በሽተኛው እጥፍ ሆነ፣ የመመርመሪያ ኪቱም አለቀ። ያልተመረመረ ደግሞ ወባ አይባልም፤ ሁሉም «ትኩሳት» ተብሎ ተጻፈ። ትኩሳት ካርታ የለውም። ወረዳው ቢጫ ሆነ፣ ተስፋ ታየ። በሦስተኛው ሳምንት መዝጋቢውን ራሱን ወባ ጣለው። ጋቢውን ተከናንቦ ሲንዘፈዘፍ ማን ሪፖርት ይላክ? አረንጓዴ! በአራተኛው ሳምንት የተረፉት ሠራተኞችም ተኙ፣ በሩ ተቆለፈ። ድቅድቅ ያለ አረንጓዴ! አለቆች ተደሰቱ። «ከዚህ ወረዳ የምንማረው አለ» ተባለና የልምድ ልውውጥ ቡድን ተላከ። ቡድኑ ልምድ ሊቀስም ሄዶ ትኩሳት ቀስሞ መጣ። የታከሙት ከተማ ተመልሰው ስለሆነ የተመዘገቡትም ከተማ ነው። ከተማው ቀላ፤ አጎበሩ ወደ ከተማ ተጫነ። ቆይ አላለቀም። መዝጋቢው ከስቶ፣ ጠቁሮ ሥራ ገባ። የሦስት ወሩን ውዝፍ ሰብስቦ በአንድ ቀን ላከው፣ ያውም ትንኟ በጠፋችበት በደረቁ ወር። ካርታው ጮኸ፣ «ድንገተኛ ወረርሽኝ!» ተባለ። ማጣራት ተደረገ። ጥፋተኛው ማን ሆነ? መዝጋቢው። አሁን ተዛውሯል፤ ወረዳው እንደገና አረንጓዴ ነው።

ትንኟ ግን ካርታ አታነብም። ስሪላንካን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1963 በመላ አገሪቱ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 17 ብቻ ነበር። የትንኝ ማጥፊያ ርጭቱ ቆመ፣ ዓይንም ከወባው ላይ ተነሳ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። (እነሱስ ኋላ ጠንክረው ሠርተው በ2016 ከወባ ነፃ ተብለዋል። በቀለም ግን አይደለም።) ጅቡቲም አለች። በ2012 የተመዘገበው 27 በሽተኛ ነበር። በዚያው ዓመት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ እዚያ ተገኘች። በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። እኛ ግን «ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው» ብለን ከተማውን አንዴ አረንጓዴ ቀብተን ቀለሙ እስኪደርቅ እንጠብቃለን።

አሁን ግን ሽሙጡ ይቅር። ያቺ ቀለም ጌጥ አይደለችም። መድኃኒቱ፣ አጎበሩ፣ ኪቱ የሚሄደው እሷን አይቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ብቻ 597,000 ያህል ሰው በወባ እንደሞተ ገምቷል። በአፍሪካ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ፋታ አይሰጥም፤ ሕክምናው ከ24 ሰዓት ከዘገየ ሕፃን ሊቀጥፍ ይችላል። መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ልጇን ታቅፋ ለቆመች እናት «አካባቢሽ እኮ አረንጓዴ ነው» በሏት እስቲ! ዓይኗን እያያችሁ በሏት!

እሺ፣ ተመለስኩ። የሚያናድደኝ መላው መኖሩ ነው። ሪፖርት በጠፋበት ቦታ ከሙቀቱ፣ ከዝናቡ፣ ከከፍታው ተነስቶ ግምት መሥራት ይቻላል። ከግምቱ ጎን ደግሞ «እዚህ ጋ ይበልጥ እርግጠኛ ነን፣ እዚህ ጋ ብዙም አይደለንም» የሚል ሌላ ካርታ ይወጣል። እኔ ግን ይቺን ሁለተኛዋን ካርታ ስብሰባ ላይ አይቻት አላውቅም። ሰው ታደናግራለች አሉ።

የዚያን ቀን ጥያቄ ሲፈቀድ ጻፍኩ፦ «ከሪፖርት የጠፉት ወረዳዎች ለምን ግራጫ አልሆኑም?» አቅራቢው ፈገግ አሉ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ሞክረነው ነበር። ግራጫው በዛና ስላይዱን አደበዘዘብን።»