እርማት፦ የዓሣ እጭ መኖ ስለበዛለት ቶሎ አያድግም

ወንድሜ፣ እዚህ ባሕር ዳር አምባዛ ማርባት ለሚጀምሩ ሰዎች «እንቁላሉ እንደተፈለፈለ ፉርሽካ አብዝታችሁ በትኑ፣ ቶሎ ያድጋል» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን እጮቹን ይጨርሳል።

የአምባዛ እጭ ከተፈለፈለ በኋላ ከ2 እስከ 3 ቀን የሚኖረው ሆዱ ሥር በያዘው አስኳል ነው። በዚያ ጊዜ የተበተነ መኖ አይበላም። ገንዳው ሥር ተኝቶ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ነገር ይፈጥራል፣ ኦክስጅኑን ያሟጥጣል። ጠዋት እጮቹ አልቀው ሲገኙ «በሽታ ገባ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የገደላቸው የተበላሸው ውኃ ነው።

አስኳሉ ሲያልቅም ጨጓራው ገና ስላልጠነከረ ደረቅ መኖ በደንብ አይፈጭለትም። ሕይወት ያለው ምግብ ይፈልጋል፦ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ) ወይም ፍግ በገባበት ኩሬ የሚራባ ዙፕላንክተን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት)። የባሕር ዓሣ እጭማ ይብሳል፤ የብዙዎቹ አፍ በጣም ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ ሮቲፈር (ከአርቴሚያ የሚያንስ የውኃ እንስሳ)፣ ቆይቶ አርቴሚያ ይሰጣቸዋል። (ቆሮሶ ለየት ይላል፤ እናቲቱ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች።)

እባክህ ምክሩን አስተካክለው፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ፣ የተረፈው በየቀኑ ይጠረግ። ማስራብም አይገባም፤ የተራበ አምባዛ ታናሹን ይበላል። በመጠን መለየትም ያስፈልጋል።