ለመግባት ፖሊሲ፣ ለመውጣት ማውስ

የደመና ማከማቻ (ፋይሎችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) አካውንትን ከኮምፒውተር ላይ በስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ በሚሠራ የትእዛዞች ዝርዝር፣ ለማንሣት የሞከረ የአይቲ ባለሙያ ብሶቴን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳልኛል። የምንጠቀምበት አገልግሎት አቅራቢ፣ ሠራተኛው ምንም ሳይነካ አካውንቱ በራሱ እንዲገባ የሚያደርግ ፖሊሲ፣ ማለትም ከማእከል የሚታዘዝ ቅንብር፣ አሰናድቶልናል፤ አንድ ጊዜ ካስተካከሉት በሁሉም ማሽን ላይ ይሠራል። ማሽኑ ለሌላ ሠራተኛ ሊተላለፍ ነውና አካውንቱ ይነሣ ሲባል ግን፣ የቅንብር ገጹን ከፍቶ የማላቀቂያውን ቁልፍ በማውስ ከመጫን በቀር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ትእዛዝ የለም። የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ የሆነው ፓወርሼል ከወጣበት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንትና ስንት የአስተዳደር ሥራ በትእዛዝ መስመር ሲከናወን፣ ይህ ብቻ በጠቅታ መቅረቱ ቸልተኝነት ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

«ፕሮግራሙን አራግፈው» የሚሉ አሉ። ፕሮግራሙ ሲራገፍ አካውንቱ አብሮ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ዊንዶውስ ቅንብሮችን በሚይዝበት መዝገብ፣ በሬጅስትሪ፣ የተመዘገበው መረጃና በዊንዶውስ የይለፍ ቃል ማከማቻ የተቀመጠው የመግቢያ ፈቃድ ሊቀሩ ይችላሉ።

እነዚህን በስክሪፕት ልጥረግ ስል ሌላ ጣጣ ይገጥመኛል። ከማእከል የሚላክ ስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በሠራተኛው ሳይሆን በሲስተም አካውንት (በማሽኑ በራሱ አካውንት) ሲሆን፣ ከረንት ዩዘር የሚባለው የሬጅስትሪ ክፍል ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ስለሆነ፣ ስክሪፕቴ ሰው የሌለበትን ቤት ጠርጎ «ተሳክቷል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ የሠራተኛው አካውንት ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ በወቅቱ ያልገባውን የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ኤንቲዩዘር ዶት ዳት ፋይል (የዚያ ተጠቃሚ የሬጅስትሪ ክፍል የሚቀመጥበትን) እየጫኑ፣ እያጸዱና መልሰው እያስወጡ መሄድ ግድ ይሆናል፤ አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ይዞ ከቆየ ደግሞ አልወጣም ይላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የፋይሎቹ ጉዳይ ነው። ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ከደመናው ጋር በሚመሳሰለው ፎልደር ውስጥ እየታየ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የሌለ ፋይል አለ፤ ሳይወርድ አካውንቱ ከተላቀቀ ከዚያ ማሽን ላይ አይከፈትም። አስቀድሜ ልቅዳው ብል ስክሪፕቱ በነካው ቁጥር ማውረድ ይጀምርና ጠባብ ዲስክ ይሞላል። አካውንቱ ሳይላቀቅ ፎልደሩን የሚሰርዝ ችኩል ስክሪፕት ደግሞ ስረዛውን ወደ ደመናው ያመሳስለዋል፣ ማለትም የሰውን ሥራ ከሁለቱም ወገን ያጠፋል። (የተሰረዘው ለተወሰነ ጊዜ በሪሳይክል ቢን ይቆያል፤ ለዚያም ቢሆን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።) ዴስክቶፑና ዶክመንቱ ወደዚያው ፎልደር ተዛውረው ከነበረም፣ አድራሻቸው ወደ ነበረበት እስካልተመለሰ ድረስ ሠራተኛውን የሚጠብቀው ባዶ ስክሪን ነው።

የምጠይቀው አንድ ትእዛዝ ነው፦ የየትኛው ተጠቃሚ የትኛው አካውንት እንደሚላቀቅ የሚቀበል፣ ያልወረዱትን ፋይሎች አስቀድሞ የሚዘረዝር፣ ካልተሳካለትም ተሳክቷል ከማለት ይልቅ የስሕተት ቁጥር የሚመልስ።